የማርክ ማሎሪ ታሪክና የዌስት ፖይንት ዝምታ

ለወጣቶች ተብሎ የሚጻፍ ልብ ወለድ ታሪክ ለዐዋቂ ከሚጻፈው ይልቅ ከባድ ዕዳ አለበት። ዕድሜው የበሰለ አንባቢ ቀልዱን ከቁም ነገሩ፣ ፈጠራውን ከእውነቱ እየለየ ያነባል፤ ልጅ ግን የወደደውን ጀግና ከነነውሩ ይቀበለዋል፤ ጀግናው በሳቀበት ይስቃል፣ ጀግናው የናቀውንም ይንቃል። ስለዚህ የልጆች መጽሐፍ የሚመረመረው በውስጡ በተጻፈው ብቻ ሳይሆን፣ ሊጻፍበት ሲገባ በቀረውም ነገር ጭምር ነው። ለዚህም መልካም ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ አገር ከ1897 ዓመት ጀምሮ ስለ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ኑሮ የተጻፈው የማርክ ማሎሪ ታሪክ ነው። (በዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የትምህርት ቤት ታሪክ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ሥሩ በእንግሊዝ አገር ነው። ቶማስ ሂውዝ የተባለው ደራሲ ራሱ በራግቢ ትምህርት ቤት የተማረ ነበርና፣ በ1857 ዓመት ቶም ብራውን ስለሚባል ተማሪ የጻፈው መጽሐፍ ለብዙዎች ፈር ቀደደላቸው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ታሪኮች አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። አዲስ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ወደማያውቀው ስፍራ ይገባል፤ በዕድሜ የሚበልጡት ተማሪዎች ያንገላቱታል፤ ወዳጅ ያገኛል፤ ጕልበተኛውን ይቋቋማል፤ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱ መመኪያ ይሆናል። አሜሪካውያንም ይህን መንገድ ተቀብለው ወደ ጦር ትምህርት ቤት አሻገሩት፤ በዚያ የደንብ ልብስ፣ መለከት፣ ሰልፍና ጠመንጃ ስላለ ከተራው ትምህርት ቤት ይልቅ የልጅ ዓይን ይማርካልና። በ1894 ዓመት ካፒቴን ቻርልስ ኪንግ የዌስት ፖይንትን የተማሪነት ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ አወጡ። እርሳቸው በ1866 ዓመት ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቁ መኰንን ስለ ነበሩ የጻፉት የኖሩበትን ነው። የማርክ ማሎሪ ደራሲ ግን እንደዚህ አልነበረም።

የደራሲውን ነገር ከማንሣት በፊት ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ይገባል። ዌስት ፖይንት ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐድሰን ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። አስቀድሞ በነጻነት ጦርነት ጊዜ የወንዙን መተላለፊያ የሚጠብቅ ምሽግ ነበር፤ በ1802 ዓመት በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ዘመን የጦር ትምህርት ቤት ሆኖ ተቋቋመ። ሥርዐቱን ያጸኑት ግን ከ1817 እስከ 1833 ዓመት አስተዳዳሪ የነበሩት ሲልቫነስ ታየር ናቸው። እርሳቸው ተማሪዎቹን በትንንሽ ክፍል መድበው፣ እያንዳንዱ በየቀኑ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያጠናውን እንዲያስረዳ አደረጉ፤ የእውቀት ደረጃ በነጥብ እንዲለይ፣ ጥፋትም በነጥብ ተቈጥሮ ከልክ ያለፈበት ተማሪ እንዲሰናበት ደነገጉ። ወደዚያ የሚገቡትን ልጆች አብዛኛዎቹን የሚያጩ በየአውራጃው የተመረጡት የምክር ቤት አባሎች ነበሩ፤ ብዙ ጊዜም ዕጩው በውድድር ፈተና ይለይ ነበር። የትምህርቱ ወጪ የመንግሥት ነው። ስለዚህ የድኻው ልጅ ከባለጸጋው ልጅ እኩል የሚቆምበት ስፍራ ነው ተብሎ ይመካበት ነበር።

በማርክ ማሎሪ ታሪክ ላይ የሚታየው የደራሲ ስም «ሌተናንት ፍሬድሪክ ጋሪሰን» የሚል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ስም የተሰወረው ጸሓፊ አንድ ቀን እንኳ በወታደርነት አላገለገለም። እውነተኛ ስሙ አፕተን ሲንክሌር ነው። በ1878 ዓመት በባልቲሞር ከተማ ተወለደ፤ ቤተ ዘመዶቹ የባሕር ኃይል መኰንኖች የወጡበት የቀድሞ ስመ ጥር ቤት ነበሩ፣ አባቱ ግን መጠጥ ነጋዴ ሆኖ ራሱ በመጠጥ የተሸነፈ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁ ያደገው በኪራይ ክፍል እየተንከራተተ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጅ ሲማር ቀልድና አጫጭር ታሪክ ለጋዜጣ እየሸጠ ራሱን ይረዳ ነበር። በ1897 ዓመት ያን ትምህርት ጨርሶ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ስትሪትና ስሚዝ የሚባለው ማተሚያ ቤት ለወንዶች ልጆች በሚያወጣው ሳምንታዊ ጋዜጣ ስለ ዌስት ፖይንት ታሪክ እንዲጽፍ ቀጠረው። በዚያ ጊዜ ዕድሜው ገና ሃያ አልሞላም።

ወጣቱ ደራሲ የመተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ ወደ ዌስት ፖይንት ሄደ፤ ጥቂት ቀን እንደ እንግዳ ተቀመጠና ሕንጻውን፣ ሰልፉን፣ የተማሪዎቹን አነጋገር አይቶና ሰምቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ከዚያች አጭር ጕብኝት የተቀዳ ነው። አንድ ጸሓፊ በፊቱ አስቀምጦ ታሪኩን በቃል ይናገራል፤ ጸሓፊውም በአጭር ጽሕፈት ተቀብሎ በጽሕፈት መኪና ይገለብጠዋል፤ በዚህም ዓይነት በቀን እስከ ስምንት ሺሕ ቃል ያወጣ ነበር። በ1898 ዓመት አሜሪካ ከእስፓንያ ጋራ ስትዋጋ ደግሞ በሌላ የብዕር ስም ስለ አናፖሊስ የባሕር ኃይል ተማሪ ታሪክ ጨመረ፤ ጀግናውም ከጦርነቱ ውስጥ ገብቶ የእስፓንያን ሰዎች በየሳምንቱ ድል ይነሣ ነበር። ጦርነትን በዓይኑ ያላየ፣ በትምህርት ክፍሉ ተቀምጦ የሚያስነግር ልጅ የብዙ ሌሎች ልጆች የጦር አስተማሪ ሆነ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ማርክ ማሎሪ በኮሎራዶ ግዛት የሚኖር፣ ሀብት የሌለው፣ ብልህና ብርቱ ልጅ ነው። ለውድድሩ ፈተና ሲቀመጥ አንድ የባለጸጋ ልጅ በተንኰል ሊቀድመው ይሞክራል፤ ማርክ ግን ከብዙ መሰናክል በኋላ ወደ ዌስት ፖይንት ይገባል። በዚያ አዲስ ገባው «ፕሊብ» ይባላል፤ ቃሉ ከሮማውያን የመጣ ሲሆን ተራ ሕዝብ ማለት ነው። ፕሊብ የተባለውም ልጅ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የበላዮቹ ተማሪዎች መሣለቂያ ነው፤ ዝፈን ሲሉት ይዘፍናል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ሌሊት ከመኝታው ጐትተው ያወርዱታል። ማርክ ግን መሣለቂያ መሆንን እንቢ ይላል። በጡጫ የመጣበትን በጡጫ፣ በተንኰል የመጣበትን በብልሃት ይመልሳል። ስድስት ጓደኞችም አግኝቶ ሰባት ሆነው የመረዳጃ ማኅበር ይመሠርታሉ። ከእነርሱ አንዱ ቍጣው የቀረበ የቴክሳስ ልጅ ነው፤ ሌላው ስለ ጥንት እንስሳት ቅሪት በረጃጅም ቃላት የሚናገር፣ ስለ ሊቅነቱ ጓደኞቹ «ቄሱ» እያሉ የሚጠሩት የቦስተን ልጅ ነው። እነዚህ ሰባቱ የበላይ ተማሪዎችን በየጊዜው እያታለሉ ያዋርዷቸዋል፤ አንባቢውም ልጅ ይስቃል።

በዚህ ታሪክ መልካም ነገር የለም ማለት አይገባም። በመጀመሪያ ድኻ ልጅ በጥናት ከባለጸጋ ልጅ ሊበልጥ እንደሚችል ያስተምራል። ሁለተኛም ቃልን መጠበቅን፣ ጓደኛን አሳልፎ አለመስጠትን፣ ለተበደለ መቆምን ያሳያል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርሳቸው የተላለቁበት ጦርነት ያበቃው በ1865 ዓመት ነው፤ የማሎሪ ታሪክ ሲወጣ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። የዚያ ጊዜ አባቶች ብዙዎቹ ቍስላቸውን በአካላቸው ይዘው ይኖሩ ነበር። ደራሲው ከደቡብ የቴክሳስን፣ ከሰሜን የቦስተንን ልጅ አምጥቶ በአንድ ማኅበር ሲያስቀምጣቸው፣ የአባቶች ደም በልጆች ወዳጅነት ሊታጠብ ይችላል ማለቱ ነው። በሰባቱ መካከል ግን የጠፋ አንድ ሰው አለ፤ እርሱን ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመለስ እናገኘዋለን።

አስቀድሞ ስለ ጡጫው እንናገር። በልብ ወለዱ ውስጥ አዲስ ገባን ማንገላታት የሚያስቅ ጨዋታ ነው፤ የሚያንገላታው መጨረሻው መዋረድ ነው፣ የሚንገላታውም ብርቱ ስለ ሆነ ምንም አይጐዳም። ታሪኩ በየሳምንቱ እየታተመ በነበረበት ዘመን፣ በ1898 ዓመት በሰኔ ወር፣ ኦስካር ቡዝ የሚባል የፔንሲልቬንያ ወጣት ወደ እውነተኛው ዌስት ፖይንት ገባ። ይህ ወጣት እንደ ማርክ ማሎሪ ክንደ ብርቱ አልነበረም፤ ስድስት ጓደኞችም አላገኘም። በበጋው የድንኳን ሰፈር ከበላይ ተማሪ ጋራ በቡጢ እንዲጋጠም ተደርጎ ተመታ፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ፈሪ ተቈጠረ። በምግብ አዳራሽ የሚያቃጥል የበርበሬ መረቅ በግድ እንዲውጥ ያደርጉት ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብም ይዘበትበት እንደ ነበረ ተነገረ። ከአራት ወር በኋላ በጥቅምት ትምህርቱን ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ1900 ዓመት በታኅሣሥ ወርም በጉሮሮው ላይ በወጣ የነቀርሳ በሽታ ሞተ።

ቤተ ሰቡ ልጃችንን የገደለው ያ መረቅ ነው ብለው ጮኹ፤ ጋዜጦችም ነገሩን አነሡት፤ የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤትም መርማሪ ጉባኤ ወደ ዌስት ፖይንት ላከ። መርማሪዎቹ የወጣቱ ሞት በማንገላታቱ የመጣ ነው አላሉም፤ ነገር ግን በሽታው የሌላ ቢሆንም ግፉ የትምህርት ቤቱ መሆኑን አልሰወሩትም። በዚያ ምርመራ ብዙ ነገር ተገለጠ። አዲስ ገቦች እስኪወድቁ ድረስ ጕልበታቸውን እያጠፉ እንዲቀመጡና እንዲነሡ ይገደዱ ነበር፤ እንቢ ያለውን በክብደት የሚመጥነውን፣ በቡጢ ግን የሚበልጠውን የበላይ ተማሪ መርጦ የሚያጋጥም የተማሪዎች ጉባኤ ነበር። ማለት፣ ማርክ ማሎሪ በልብ ወለድ ውስጥ ነጻ የወጣበት ጡጫ በእውነተኛው ስፍራ ነጻ መውጫ ሳይሆን ሁለተኛ ቅጣት ነበር።

ከተጠሩት ምስክሮች አንዱ በ1899 ዓመት የገባው ዳግላስ ማካርተር ነበር፤ እርሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታላቅ የጦር አለቃ የሆነው ነው። የጄኔራል ልጅ ስለ ነበረ በላዩ የደረሰበት ከሌሎቹ የባሰ እንጂ የቀለለ አልነበረም፤ በአንድ ሌሊት ያን የጕልበት ማጠፍና ማንሣት ሥራ እግሩ እስኪንቀጠቀጥና እስኪወድቅ ድረስ አሠርተውታል። ምስክርነቱም ለወጣቱ ጭንቅ ነበር። የደረሰበትን ቢናገር ጓደኞቹን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ቢሰውር ደግሞ የበላዩን ትእዛዝ መጣስ ነው። በ1901 ዓመት ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ፤ በዚያ ሕግ አዲስ ገባን በማንገላታት የተባረረ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳይመለስ፣ በጦር ሠራዊቱም መኰንንነት እንዳይሾም ታዘዘ። ማካርተርም በ1919 ዓመት የዚያው የዌስት ፖይንት አስተዳዳሪ ሆነው ሲመለሱ፣ የአዲስ ገቦችን ማሠልጠን ከበላይ ተማሪዎች እጅ አውጥተው በመኰንኖች ሥር እንዲሆን አደረጉ። ሥቃይን የቀመሰ ሰው ሥልጣን ሲያገኝ አንዱ ሥቃዩን ለሌላው ያወርሳል፤ አንዱ ግን በእኔ ይብቃ ይላል።

እንግዲህ ከሰባቱ መካከል ወደ ጠፋው ሰው እንመለስ። የማርክ ማሎሪ ታሪክ ከመጻፉ ሃያ ዓመት አስቀድሞ፣ ከዌስት ፖይንት የወጣ ሌላ መጽሐፍ ነበር፤ ደራሲውም የብዕር ስም አላስፈለገውም። ሄንሪ ፍሊፐር በ1856 ዓመት በጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ጦርነቱ ባርነትን ከሻረ በኋላ ተምሮ በ1873 ዓመት ወደ ዌስት ፖይንት ገባ፤ በ1877 ዓመትም ከሰባ ስድስት ተመራቂዎች አምሳኛ ሆኖ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር መኰንን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የተማሪነት ዘመኑን በመጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። በእርሱ ላይ የወደቀው ፈተና ጡጫ አልነበረም፤ ዝምታ ነበር። ነጮቹ ተማሪዎች ከሥራ ጉዳይ በቀር አያነጋግሩትም፤ ለብቻ የቀረበው ሁሉ በጓደኞቹ ፊት ማንም እንዳያየው ይጠነቀቅ ነበር። ፍሊፐር ይህን ሁሉ ሲጽፍ ስድብ አልተጠቀመም፤ መምህራኑም በነጥብ አሰጣጥ እንዳልበደሉት መሰከረላቸው። የተበደለ ሰው ለበዳዩ ወገን እንኳ በፍርድ ሚዛን ሲናገር፣ ቃሉ ከጩኸት ይልቅ ይከብዳል።

ፍሊፐር በመጨረሻው ዓመት አብሮት የሚያድር አንድ ጓደኛ አግኝቶ ነበር። ጆንሰን ዊታከር ይባላል፤ በ1858 ዓመት በደቡብ ካሮላይና ግዛት በባርነት ተወልዶ በ1876 ዓመት የገባ ነው። ፍሊፐር ተመርቆ ሲሄድ ዊታከር ብቻውን ቀረ። በ1879 ዓመት በነሐሴ ወር የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ጄኔራል ጆን ሾፊልድ ስለ ማንገላታት ለተማሪዎቹ ንግግር አደረጉ። ነጻ የሆነ አገር ወታደር በውጊያ ጊዜ የሚታመን የሚሆነው በጭካኔና በግፍ ሳይሆን በመከባበር በሚሰጥ ትእዛዝ መሆኑን አስረዱ። ይህ ቃላቸው እስከ ዛሬ ድረስ በዌስት ፖይንት አዲስ ገቦች ሁሉ በቃላቸው የሚይዙት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ንግግር ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በ1880 ዓመት በሚያዝያ ወር በስድስተኛው ቀን ጧት፣ ዊታከር ከሰልፍ ስለ ቀረ ሲፈለግ በክፍሉ ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ። እግሩ ከአልጋው ጋራ ታስሯል፣ ጆሮው በስለት ተቈርጧል፣ ደሙ ፈሷል። እርሱም ፊታቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች በሌሊት ገብተው እንደ መቱትና እንዳሰሩት ተናገረ። ነገር ግን አላመኑትም። ከፈተና ለመሸሽ ራሱ ራሱን አቍስሎ አስሯል ተባለ፤ ስለ መከባበር በዚያ ያማረ ቃል የተናገሩት ጄኔራል ሾፊልድም ከማያምኑት ወገን ሆኑ። በ1881 ዓመት የጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነው ተባለ። በ1882 ዓመት ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር ያን ፍርድ ሻሩት፤ ነገር ግን በዚያው ቀን የጦር ሚኒስትሩ ዊታከር በ1880 ዓመት አንድ ፈተና ወድቋል በማለት ከትምህርት ቤቱ እንዲሰናበት አዘዙ። ሚኒስትሩም የባሪያ ነጻ አውጪው የፕሬዚዳንት ሊንከን ልጅ ሮበርት ሊንከን ነበሩ። ከአባት ወደ ልጅ ስም እንጂ ሥራ ሁልጊዜ እንደማይተላለፍ ይህ ያሳያል።

ዝምታው በዚያ አላበቃም። በ1932 ዓመት ቤንጃሚን ዴቪስ የተባለ ጥቁር ወጣት ወደ ዌስት ፖይንት በገባ ጊዜ ተማሪዎቹ እንዳያነጋግሩት ተማማሉ፤ ለአራት ዓመት አብሮት የሚያድር ሰው አልነበረም፤ በማዕድ ሲቀመጥ ቃል የሚሰነዝርለት አልነበረም። ዝምታው ትምህርት ቤቱን ትቶ እንዲሄድ ለማድረግ ነበር፤ እርሱ ግን አልሄደም። በ1936 ዓመት ከሁለት መቶ ሰባ ስድስት ተመራቂዎች ሠላሳ አምስተኛ ሆኖ ተመረቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጥቁር አሜሪካውያንን ተዋጊ አውሮፕላን ነጂዎች እየመራ ስሙን አስጠራ፤ በኋላም ጄኔራል ሆነ። በ2017 ዓመት ዌስት ፖይንት አንድ ትልቅ የተማሪዎች ማደሪያ ሕንጻ በእርሱ ስም ሰየመ። አንድ ሰው እንኳ አብሮት ሊያድር ባልወደደበት ስፍራ፣ አሁን ብዙ መቶ ተማሪዎች በስሙ በተጠራ ቤት ያድራሉ።

እነዚህን እውነተኛ ታሪኮች ከማርክ ማሎሪ ታሪክ ጋራ አስተያይቶ የሚመለከት ሰው የልብ ወለዱ ጕድለት የት እንደ ሆነ ያገኘዋል። ጕድለቱ ውሸት መሆኑ አይደለም፤ ልብ ወለድ ነውና። ጕድለቱ ግፍን የድፍረት መለኪያ አድርጎ ማሳየቱ ነው። ጀግናው ግፉን በክንዱና በጓደኞቹ ብዛት ስለሚያሸንፈው፣ አንባቢው ልጅ ሳያስተውለው አንድ ሐሳብ ይማራል፤ ይኸውም የተሸነፈ ሰው የተሸነፈው በራሱ ድካም ነው የሚል ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ኦስካር ቡዝን ቢያይ ፈሪ ይለዋል፤ ዊታከርንም ቢሰማ አያምነውም። ደግሞም ማርክ ማሎሪ ደፋር የሆነው ከጓደኞች ጋራ ነው፤ ስድስት ሰው ከኋላው ቆሞለት ነው። ፍሊፐርና ዴቪስ ግን አራት አራት ዓመት ሙሉ በየጧቱ በዚያ ዝምታ መካከል ተነሥተው ወደ ሰልፍ ወጡ። ከጡጫ ይልቅ ዝምታን መታገሥ እንደሚከብድ ልብ ወለዱ አላወቀም፤ ደራሲው ከሕንጻውና ከሰልፉ ጋራ ተዋወቀ እንጂ ከሚያለቅሰው ጋራ አልተዋወቀምና።

ይህን ለአፕተን ሲንክሌር ነቀፌታ ብቻ አድርጎ መተው ግን ፍርድ ማጕደል ነው። ያ ልጅ ሲጐለምስ ሌላ ሰው ሆነ። በ1904 ዓመት በቺካጎ ከተማ ከብት በሚታረድባቸውና ሥጋ በሚታሸግባቸው ቤቶች አካባቢ ሰባት ሳምንት ተቀምጦ፣ ከሠራተኞቹ ጋራ እየዋለ፣ የድኾቹን ስደተኞች ኑሮ ከቤታቸው ገብቶ አየ። ከዚያ የወጣው መጽሐፉ በ1906 ዓመት ታትሞ አገሩን አናወጠ፤ በዚያው ዓመትም የሥጋንና የምግብን ንጽሕና የሚጠብቁ ሕጎች ወጡ። ወደ ዌስት ፖይንት ጥቂት ቀን በእንግድነት የሄደው ልጅ ያመጣው ሣቅ ነበር፤ በቺካጎ ድኾች መካከል ሰባት ሳምንት የተቀመጠው ጐልማሳ ግን እውነትን አመጣ። የብዕሩ ችሎታ በሁለቱም ጊዜ ነበረ፤ የተለየው በማን ዘንድ እንደ ተቀመጠ ነው።

ማርክ ማሎሪም በ1903 ዓመት ገደማ ዳግመኛ በመጽሐፍ መልክ እየታተመ ወጣ፤ ምርመራው ተደርጎ፣ ሕጉ ወጥቶ እያለ የአዲስ ገቦቹ ጨዋታ እንደ ቀድሞው ያሥቅ ነበር። የልጆች መጽሐፍ ከሕግ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማልና። ለዚህ መድኀኒቱ መጽሐፉን ማቃጠል አይደለም። ልጅ ማርክ ማሎሪን ቢያነብ ይሣቅ፤ ነገር ግን አባቱ ወይም መምህሩ የፍሊፐርን መጽሐፍ በአጠገቡ ያስቀምጥለት። በአንደኛው ጓደኛን መውደድ ይማራል፤ በሁለተኛው ጓደኛ የሌለውን ማየት ይማራል።

ዊታከር ከዌስት ፖይንት ከተሰናበተ በኋላ ጠበቃና መምህር ሆኖ ብዙ ልጆች አስተምሮ በ1931 ዓመት ዐረፈ። በ1995 ዓመት በሐምሌ ወር ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የልጅ ልጆቹን ወደ ዋሽንግተን ጠርተው፣ በሕይወቱ ሳለ የተከለከለውን የመኰንንነት ሹመት ከሞተ በኋላ ሰጡት። ከሹመቱ ጋራ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ለቤተ ሰቡ ተመለሰ። ዊታከር በተማሪነቱ ያነብበው የነበረና በክሱ ጊዜ ለማስረጃ ተወስዶ ከመንግሥት መዝገብ ጋራ ተቀምጦ የኖረ ነው። በሐሰት የተከሰሰው ወጣት ከዚያ መጽሐፍ ጋራ ብቻውን ያሳለፈውን ሌሊት የልብ ወለዱ ደራሲ አላየውም፤ መዝገቡ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ አቈየው።